ፈትሂያ ዊንዶውስን ስትተው

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የፈትሂያ እንጀራዋ ወረቀት ነው፤ ሞኝ ናት የሚሏትም አልጠፉም። እኔ ውዱ፣ ጎረቤቷ ፎቶ አንሺው፣ ሁለቱንም እያነሳሁ ስነጅሳት ዓመታት አልፈዋል። ሌላ ሰው ሲላት ግን ደሜ ይፈላል። እኔና እሷ ግድግዳ እንካፈላለን፤ ግድግዳው ደግሞ ስስ ስለሆነ እርስ በርሳችን የማንሰማው ነገር የለም።

ሱቆቻችን ጎንደር ውስጥ፣ ከአዲስ ዓለም ወደ ፒያሳ በሚወጣው መንገድ ዳር ናቸው። አባቷ ሐጂ ዐብደላ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ደርግ እንደወደቀ የግቢያቸውን የፊት አጥር አፍርሰው በረድፍ ሦስት ክፍል ሠሩ። የግራው የሰርካለም የሴቶች ፀጉር ቤት ነው፤ የቀኙ የእኔ ፎቶ ቤት ነው፤ መካከለኛው ላይ ሐጂ ራሳቸው ጨርቅ ይሸጡበት ነበር። እሳቸው ወደ አኼራ ሲሄዱ ፈትሂያ ካገባችበት ከማክሰኝት ተፋትታ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። የአባቷን መደርደሪያ አውጥታ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን አስገባችና ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪ ጥናት መተየብ ጀመረች። ታላቅ ወንድሟ ዐብዱልከሪም ከእኔና ከሰርካለም ኪራይ ይቀበላል፤ ከእሷ አይቀበልም። ሰፈርተኛው «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» ይል ነበር። እኔም እል ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ የኋላው አይገባም። በእኛ ሰፈር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አባት ሲሞት እህት «ድርሻዬ» አትልም። የከለከላት የለም፤ ሃይማኖቱም ሕጉም ይሰጧታል። ግን የጠየቀች እህት ወንድሟን ገበያ አውጥታ እንደሸጠች ነው የምትቆጠር። ስለዚህ ዝም ትላለች፤ ወንድም ደግሞ በዒድ ወይም በፋሲካ ቀሚስ ይገዛላታል፤ ሁሉም ይመራረቃል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ወንድም መሆን አለበት።

የማሽኑ ነገር የተጀመረው ወለተሩፋኤል በምትባል መምህርት ነው። በጋውን ኮላ ድባ እያስተማረች ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ የምትማር ሴት ነበረች። የመመረቂያ ጥናቷን ፈትሂያ ትተይብላታለች፤ እሷም ፍላሿን ይዛ ትመላለሳለች። ያን ጊዜ የጎንደር ፍላሽ ሁሉ በሽተኛ ነበር። አንዱ ኮምፒውተር ላይ የሰካኸው ፍላሽ ቫይረሱን ይዞ ሌላው ጋ ይገባል፤ ፎልደሩ ሁሉ ይሰወርና በቦታው የውሸት ምልክት ይደረደራል። የወለተሩፋኤልም እንዲሁ ሆነ፤ ከፍላሹም ከፈትሂያ ኮምፒውተርም ጠፋ። ፈትሂያ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁማ ከእጅ ጽሑፉ እንደገና ተየበችው። መጨረሻ ላይ ከመምህሯ ጋር ያሻሻሉት ምዕራፍ ግን በወረቀት አልነበረም፤ ወጥቶ ቀረ። ሴትዮዋ በዚያ ክረምት ሳትመረቅ ወደ ኮላ ድባ ተመለሰች።

አልተቆጣችም። በሩ ላይ ቆማ «ምነው ፈትሂያ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? የማሽን ነገር ነው» አለቻት። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ፈትሂያ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እኔ ላጽናናት ገብቼ፣ ይሄ በሽታ ሁሉም ቤት አለ፣ እኔም ስንት የሙሽራ ፎቶ በልቶብኛል አልኳት።

«ያንተስ ዊንዶውስ ከየት ነው የመጣ?» አለችኝ።

«ከየት ይመጣል? ሁሉም ከሚያመጣበት ነዋ። አንዱ ሲዲ አምጥቶ ጫነልኝ።»

«የተሰረቀ ነው አትልም?»

«የጎንደር ሁሉ የተሰረቀ ነው። አንቺ ብቻ ልትጸድቂ ነው?»

«መጽደቄን ተወው፣ አያ ውዱ። የማን እንደሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለበት የማላውቀው ነገር ላይ የሰው ዓመት ልፋት አስቀመጥሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይል ነበር አባቴ። ይኸው አላደመቀኝም።»

መስከረም ሲጠባ ዊንዶውሱን ከኮምፒውተሯ ጠራርጋ አወጣችው። በቦታው ሊኑክስ የሚሉትን አስገባች፤ በነጻ የሚታደል፣ ማንም ከፍቶ ውስጡን ሊያየው የሚችል ነው። መጀመሪያ ቀላሉን ዓይነት ነበር። እሱን ስትለምድ ደግሞ አርች ወደሚባለው ተሻገረች፤ እኔ እንደ እብደት የቆጠርሁት ይሄኛውን ነው። ዊንዶውስ ሰባት ይባላል፣ ስምንት ይባላል፤ አንዱ ሲያረጅ ጥለህ አዲሱን ታስገባለህ። አርች ግን ቁጥር የለውም። አሮጌም አዲስም የለው፤ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሹን እያደሱት ይኖራል። ሲጫን እንኳ ሥዕል የለው፣ የሚጫን ምልክት የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ በነጭ ፊደል ትእዛዝ ትጽፍለታለህ። ፈትሂያ ይህን ከኢንተርኔት እያነበበች፣ እያበላሸች፣ እንደገና እየጫነች፣ እያበላሸች ተማረችው። በግድግዳው በኩል «አልሐምዱሊላህ!» ስትል ከሰማሁ አንድ ነገር ሠርቶላታል፤ ዝም ካለች ተበላሽቷል ማለት ነው።

«ምነው የቆመውን ቤት በየሳምንቱ ትነካኪዋለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«የጭቃ ቤት በየዓመቱ ካልተመረገ ይቆማል? አንተ ሳትመርገው ትኖርና ሲፈርስብህ አዲስ ልሥራ ትላለህ። እኔ እየመረግሁ እኖራለሁ።»

በሩን ዘግቼባት ሄድሁ።

ደንበኛው ግን አኮረፈ። ተማሪው ይመጣና «ጀምር የሚለው ምልክት የት ሄደ?» ይላል። የቀበሌው ጸሐፊ በድሮው የግዕዝ መጻፊያ የተሠራ ፋይል ያመጣል፤ ሲከፈት ፊደሉ ዝብርቅርቅ ይላል። ፈትሂያ የድሮዎቹን ፊደላት ፈልጋ አስገባች፤ አልገባ ያለውን ራሷ በነጻ እየተየበች ሰጠች። አንዳንዱ ያም ሆኖ ሄደ፤ «ያቺ ሴት ኮምፒውተሯን ምን እንዳደረገችው እንጃ» እያለ። የቀሩት የቀሩበት ምክንያት አንድ ነው፤ ከእሷ ቤት የወጣ ፍላሽ በሽታ ይዞ አይወጣም። ይሄ ቀስ እያለ ተሰማና የጥናት ወረቀት ያላቸው ተማሪዎች በተለይ መምጣት ጀመሩ።

ዐብዱልከሪም የሰማው ግን የሄዱትን ነው። ክፍሉን ለሞባይል መሸጫ ከፈለገው ቆይቶ ነበር፤ ለእኔም ነግሮኛል። ግልጹን ለመናገር እህቴን አስወጣሁ መባልን ፈርቶ እንጂ ሌላ ያገደው አልነበረም። አሁን ሰበብ አገኘ። አንድ ቀን መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ፤ ፊቱ እንኳ አልከፋም፣ ሰው ሲመክር እንደሚሆነው ነው።

«ፈትሂያ፣ እህቴ ነሽና ዝም አልሁ። ግን ሰው ይስቅብናል። ይሄ ነገርሽ አንድ ቀን ቆሞ ሥራ ካስፈታሽ ክፍሉን እወስደዋለሁ። ቤት ውስጥ ምን ጎድሎብሽ ነው? ከልጆቼ ጋር ትኖሪያለሽ።»

«እሺ፣ አያ ዐብዱልከሪም» አለችው።

እሺ! ግድግዳውን በቡጢ ልመታው ነበር። ከልጆቹ ጋር መኖር ማለት የልጆቹ ሞግዚት መሆን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያቺ ክፍል ለእሷ ሱቅ ብቻ አልነበረችም። ተፋትታ የተመለሰች ሴት በራሷ ቁልፍ የምትከፍተው በር እሱ ብቻ ነው። ካጣችው እስከ ዕድሜ ልኳ «የዐብዱልከሪም እህት» ሆና ነው የምትቀር። ይህን ነገርኋት፤ «አውቃለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑን እንደ ዓይን ብሌን ጠበቀችው። የምታድሰው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች ስለሚዘጉ ኔትወርኩ ፈጠን ይላል። መብራት ከሄደ ደግሞ ሦስታችን አዋጥተን የገዛነው ጄኔሬተር አለ፤ ጓሮ ነው የሚቀመጥ። ለእሱ ሕግ አውጥተንለት ነበር። የሰርካለም ፀጉር ማድረቂያ ካስኮች መብራት እንደ ጉድ ይበላሉ፤ ስለዚህ ፈትሂያ በጄኔሬተር ስታድስ ቀድማ ትነግራታለች፣ ሰርካለምም ካስክ አታበራም። ሕጉ ሸጋ ነበር። ሕጉ ያልቆጠረው ሙሽራን ነው።

ግንቦት ነበር፤ ለኛ የሠርግ ወር፣ ለተማሪው የጥናት ማስገቢያ ወር። አንድ ቅዳሜ መብራት ሄደ። የፈትሂያ ደጃፍ ሰኞ ጥናታቸውን የሚያስገቡ ተማሪዎች ሞልተውበታል። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ፈትሂያ ለሰርካለም ነግራ ማደስ ጀመረች። ሥራው በበዛበት ቀን ባታድስስ? ብላችሁ እንደሆነ፣ እኔም ብያታለሁ። ቅዳሜ ከዘለልሁ ለሚመጣው ይከብደኛል አለች። ድርቅና ነው። ያቺን ዕለት ድርቅናዋ አስከፈላት፤ ይህን ልደብቅላት አልችልም።

ምክንያቱም በዚያው ሰዓት ከእነቤተሰቧ በሁለት ማኪና የተጫነች ሙሽራ ሰርካለም ደጅ ወረደች። ሠርጓ በማግስቱ እሑድ ነው፤ እናትየዋ ከሩቅ መጥተው ይቸኩላሉ፤ ሚዜዎቹ በአንዴ ተቀመጡ። ሰርካለም ሕጉን ረሳችው። ሁሉንም ካስክ በአንድ ላይ አበራችው። ጄኔሬተሩ አንዴ አጓራ፣ አንዴ ሳል ሳል አለው፣ ጸጥ አለ። ፈትሂያ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይላት ባትሪ ነበራት፤ ግን ከሞተ ሰንብቶ ለጌጥ ነበር የተቀመጠው።

ጄኔሬተሩ እንደገና ሲነሣ ማሽኑ አልተነሣም። ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ። ፈትሂያ አንብባ ዝም አለች፤ ዝምታዋን አውቀዋለሁና ዘልዬ ሄድሁ። ማሽኑን የሚያስነሣው የሥርዓቱ አስኳል ሲጻፍ መሐል ላይ ተቆርጧል አለችኝ። ሰርካለም እጇ በቅባት እንደተነከረ መጥታ «እግዜርን! ፈትሂያ፣ ገደልሁሽ!» እያለች ታለቅሳለች። ተማሪዎቹ ተንጫጩ።

ዐብዱልከሪም ጫጫታውን ሰምቶ ከግቢ ወጣ። ነገሩን ሲሰማ አልፈነጠዘም፤ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የደነገጠ መሰለኝ። ስልኩን አወጣና የሚያውቀውን የኮምፒውተር ቴክኒሻን ጠራ። ሰውየው ብዙ ሳይቆይ ሲዲውን ይዞ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ «ዊንዶውስ በአጭር ጊዜ ልጭንልሽ እችላለሁ፤ ይሄንኛውን ግን አላውቀውም፣ አልዋሽሽም» አላት።

«አመሰግናለሁ ወንድሜ። አልፈልግም» አለች።

«ጫኚው!» አልሁ እኔ። «ለዛሬ ጫኚውና ልጆቹን አስወጪያቸው! ነገ እንደፈለግሽ አድርጊው። ክፍልሽ ነው የሚሄደው፣ አንቺ ሴት!»

ዞር ብላ ያየችኝን አልረሳውም። «አንተም?» አለችኝ። «ይሄ ከተጫነ እዚህ የተቀመጠው የልጆቹ ሥራ ሁሉ ሊደመሰስ ይችላል። የወለተሩፋኤልን ያየሁ ሰው ነኝ። ሁለተኛ አላደርገውም። ክፍሉ ቢሄድም ይሂድ።»

መጫኛውን የያዘ ፍላሽ ከመሳቢያ አውጥታ ሰካች፤ በእሱ አስነሥታ የተኛውን ማሽን ከውጭ ልትጠግን ነው። ትእዛዝ ጻፈች፣ አስኳሉን እንደገና አስጫነች፣ አጥፍታ አበራች። ያው ጥቁር መስኮት። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ዐብዱልከሪም ሰዓቱን አየ። እኔ ፎቶ ቤቴን ከፍቼ ትቼ የመጣሁ ሰውዬ፣ ደንበኛ ቢጠራኝም አልሄድሁም።

ፈትሂያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና የጻፈችውን ትእዛዝ ከላይ ጀምራ አነበበችው። ከዚያ «ወላሂ፣ ደንቆሮ ነኝ!» ብላ ሳቀች። አስኳሉ የሚቀመጥበትን የዲስኩን ክፍል ሳታያይዝ ሌላ ቦታ ነበር የጫነችው። ሳቋ ሁላችንንም አስደነገጠን። እንደገና ሰካች፣ አያያዘች፣ አስጫነች፤ ቴክኒሻኑ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀምጦ ያያል፤ ሲያመልጣት የነበረች አንዲት ፊደልም ጠቆማት። አጥፍታ አበራች። ማሽኑ ተነሣ። የልጆቹ ሥራ እንዳለ ነበር፤ አንድም አልጎደለም። የቀሩት ተማሪዎች ሊያቅፏት ምንም አልቀራቸው፤ ሰርካለም እልልታውን አቀለጠችው፤ ሙሽራዋም ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ወጥታ አብራ እልል አለች።

ተማሪዎቹ አሳትመው ሲያልቁ፣ ዐብዱልከሪም ገና እዚያው ነበር።

«ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነሽ» አላት። «ግን ቆሟል። ግማሽ ቀን ሥራ ፈታሽ። ቃል ቃል ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቂልኝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማሽኑ ቢቆምም ባይቆምም ያው ነበር። ፈትሂያም እኔ ሳይገባኝ በፊት ገብቷት ይሆናል፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የኮፒ ማሽኑን ክዳን ዘጋችው።

«ለአንተ አልለቅም» አለችው። «ሦስት ክፍል ነው። አባቴ ሁለት ልጅ ነው የተወ። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ። ድርሻዬን ስጠኝ።»

እኔና ሰርካለም የእሱ ተከራዮች ነን፤ አንገታችንን መድፋት ነበረብን። እኔ አልደፋሁም፤ ሰርካለምም አልደፋችም።

«ፈትሂያ!» አለ ዐብዱልከሪም። «በሰው ፊት? አገር ምን ይላል?»

«ይበል። ዝም አይነቅዝም ብለው አሳደጉኝ። የእኔ ነቅዟል።»

ሼህ ኢልያስ የሐጂ ዐብደላ ወዳጅ ናቸው፤ የሰፈሩን ጠብ የሚያበርዱት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሊያበርዱ በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። እኔም ተከራይ ነህና የምታውቀውን ትናገራለህ ተብዬ ተጠራሁ። ዐብዱልከሪም ብዙ ተናገረ። ከተፋታች ጀምሮ እንዳኖራት፣ ክፍሉን በነጻ እንደሰጣት፣ እንደ እህቱ ሳይሆን እንደ ልጁ እንደያዛት። ውሸት አልነበረውም። የሚያናድደውም ይሄ ነው።

ፈትሂያ ተራዋ ሲደርስ «ከእሱ ቤት በነጻ አልተቀመጥሁም፤ ከአባቴ ቤት ነው የተቀመጥሁ» አለች። «በመንግሥት ሕግ ብሄድ እኩል ነው የሚደርሰኝ። አልሄድሁም። በሃይማኖታችን የተቆረጠልኝን ብቻ ነው የጠየቅሁ። የግቢውን ነገር ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሼህ ኢልያስ ዐብዱልከሪምን ወደ ዳር ወስደው ብዙ አንሾካሾኩለት። ሲመለሱ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«እንግዲህ ለአባቴ ነፍስ ስል፣ ለእህትነቷም ስል፣ መካከለኛውን ክፍል በስጦታ ሰጥቻታለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ «አላህ ይባርክህ!» አሉ፣ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። እኔም ተነፈስሁ። አለቀ፤ ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ በስጦታ መጣ በድርሻ በሩ አይለወጥም። ልስማት እየቃጣኝ አየኋት። እጇን አልዘረጋችም።

«አልቀበልም» አለች።

«ምን?» አሉ ሼህ ኢልያስ።

«ስጦታ አልቀበልም። ሰጪ ሲከፋው ያነሣዋል፤ ያውም ዕድሜ ልኬን ሳመሰግነው ልኖር። ድርሻዋ ነው ይበል። ሌላ ቃል አልፈልግም።»

«አንቺ ልጅ፣ ነገሩ እኮ አንድ ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«አንድ ከሆነ ምነው ለማለት ከበደው?»

ተቆጧት። ይሉኝታ የላትም አሏት፤ አባቷ ቢኖሩ ያፍሩባታል አሏት። ይሄን ሲሏት ነው እንባዋ የመጣ፤ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። እኔም አላስቻለኝምና «ሐጂ ዐብደላን ለዓመታት ኪራይ ስከፍላቸው አውቃቸዋለሁ፤ ሰው ሐቁን ሲወስድ አፍረው አያውቁም» አልሁ። ዐብዱልከሪም ኪራዬን ይጨምርብኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ጨምሮብኛልም።

ሼህ ኢልያስ መሬት መሬት እያዩ፣ «ዐብዱልከሪም፣ ልጅቷ ያለችው ሐቅ ነው» አሉ። ዐብዱልከሪም እህቱን ቀና ብሎ አየ። አንዴ አጉረመረመ። «አልሰማሁም» አለችው። ጮክ ብሎ «ድርሻዋ ነው!» አለ፤ ተነሥቶም ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ አላናገራትም። አልዋሽም፣ ይሄ ጎድቷታል፤ በግድግዳው በኩል ሰምቻታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፈትሂያ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ እኔም ተከትዬ ነበር። ሁለቱ ሳይሰናበቷት አለፉ። ሼህ ኢልያስ ግን ጫማቸውን እያስተካከሉ ወደ ኋላ ቀሩና፣ ሌሎቹ እንዳይሰሟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፈትሂያ» አሏት፣ «እኔም እኮ እህቶች አሉኝ።»

«እንግዲያስ ወደ እኔ ይላኳቸው፣ ሼኻችን» አለቻቸው። «የድርሻቸውን ማመልከቻ እኔ እጽፍላቸዋለሁ።»